ከቤተ መጻሕፍቱ ደጅ በስተግራ

«ሁለት ወር ሙሉ ለምልሞ ነበር እኮ!» አለ ሰውዬው።

እቴቴ አንድ ነገር ጠየቀችው። ምን እንደጠየቀችው ግን ልጅቷ አታስታውስም። ያኔ አምስት ዓመቷ ቢሆን ነው፤ ቢበዛ ስድስት። በአክስቷ በእቴቴ ችግኝ ጣቢያ፣ አፈር በሚሞላበት ረጅም ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ፣ ባዶ የችግኝ ላስቲኮችን እንደ ጓንት እጆቿ ላይ እያጠለቀች ትጫወት ነበር። ከዚያ ሆና የሚታያት የሰውዬው ጫማ ብቻ ነው፤ ቡናማ፣ የግራው ክር የተፈታ። እቴቴ ስትጠይቀው ያ ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ረጅም፣ አፍ የሚያደርቅ ዝምታ። ከዝምታው በኋላ እቴቴ አንድ ነገር ተናግራ ይሆናል፤ ተቆጥታም ይሆናል። እሱም ጠፍቶባታል።

ነገሩን ከረሳችው ዓመታት አልፈዋል። ድንገት የመጣባት አሁን ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ፊት ቆማ ቢጫ ቅጠሎችን ስትቆጥር።

«ጉጉት!» አሉ ከኋላዋ የበሩ ጥበቃ፣ የውሃ ጎማቸውን እየጎተቱ። «ጉጉት በቀን ታያለች እንዴ? ጉድ ነው መቼም!»

ጉጉት ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ በክብ መነጽሯ ምክንያት። ስሙ ከክፍል ወጥቶ ግቢውን ካዳረሰ በኋላ እሷም እጅ ሰጥታለች። የጥበቃውን ቀልድ በየጠዋቱ ስትሰማው ትስቅ ነበር። ዛሬ ከንፈሯን ብቻ አላወሰች።

«ጋሼ፣ ትናንት ስንት ነበሩ?»

«ምኖቹ?»

«ቢጫ የሆኑት።»

ጥበቃው ጎማውን መሬት ላይ ለቀቁት። ጨዋታው ከፊታቸው ጠፋ። «ተይኝ ልጄ፤ እኔ ነኝ መሰለኝ የጨረስኳቸው። ውሃ አበዛሁባቸው። ለባለቤቴ ብነግራት፣ ‹አንተ ሰውዬ፣ ዋና ልታስተምራቸው ነው?› አለችኝ። ምን ላድርግ፤ ጠውልገው ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል፣ አጠጣለሁ። ባጠጣሁ ቁጥር ደግሞ ይብሱን ይጠወልጋሉ።»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ጋሼ» ልትላቸው አፏን ከፈተች። «ታዲያ የማን ነው?» ቢሏትስ? መልሳ ዘጋችው።

ከደጁ በስተቀኝ ያሉት አሥራ አምስት ቁጥቋጦዎች በሙሉ ጸድቀዋል፤ ሁለቱ እንዲያውም ማበብ ጀምረዋል። በስተግራም አሥራ አምስት አሉ። ከእነሱ ውስጥ ለደጁ የሚቀርቡት ሦስቱ ደህና ናቸው። ከአራተኛው ጀምሮ እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ ያሉት አሥራ ሁለቱ ግን ቢጫ ናቸው። ተራቸውን ጠብቀው፣ አንድም ሳይቀር። በሽታ እንደዚህ ተሰልፎ አይሄድም። ይህን እስካሁን ያስተዋለች እሷ ብቻ ናት። እስካሁን።

ሁሉም ነገር በደንብ ነበር የተጀመረው። ቤተ መጻሕፍቱ ታድሶ ሲያልቅ ደጁ ባዶ አፈር ሆኖ ቀረ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «ተማሪዎች ራሳቸው ያስውቡት!» ብለው አወጁ። የአበባ ቁጥቋጦ እንዲሆን ተወሰነና፣ አክስቷ ችግኝ ጣቢያ ስላላት መራጯም ተጠሪዋም እሷ ሆነች። ችግኞቹም ከዚያው ከአክስቷ ዘንድ እንዲመጡ ተባለ።

መጀመሪያ ልቧ የሄደው ወደ ቡገንቪላ ነበር፤ ያ እሳት የመሰለ ቀለሙ! እቴቴ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አበባ አይተሽ አትምረጪ። ግድግዳውን እዪ መጀመሪያ። መስኮቱ ከመሬት ስንት ክንድ ይርቃል? ፀሐይ በስንት ሰዓት ይመጣበታል፣ በስንት ሰዓት ይሄዳል? በዚያ የሚያልፈው ማነው? ይኸው ያንቺ ቆንጆ እሾህ አለው፤ ትንንሾቹን ቀሚሳቸውን ይይዛቸዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ መስኮቱን ይሸፍነውና ልጆቹ በመብራት ማንበብ ይጀምራሉ።»

ልጅቷ ሦስት ሳምንት ደብተር ይዛ ከግድግዳው ሥር ተመላለሰች። ጥላው የት እንደሚደርስ በየሰዓቱ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ጓደኞቿ «ጉጉት ግድግዳ ልታገባ ነው» እያሉ አላገጡባት። በመጨረሻ መረጠች፤ በመስኮቶቹ መካከል ቀይ አበባ ያለው ሂቢስከስ፣ ከመስኮቶቹ ሥር ደግሞ አጭሩ ላቬንደር። ወረቀቱን ለእቴቴ ስታሳያት አክስቷ ረጅም ጊዜ አይታው፣ «እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው» አለቻት። ልጅቷ ያን ምሽት ስትጸልይ ስለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለብቻዋ አመሰገነች።

የመትከያው ቀን እቴቴ በጠዋት መጥታ አሠራሩን አሳየቻቸው። አንዱን ችግኝ በጎኑ አስተኛች፤ ጥቁሩን ላስቲክ ከላይ እስከ ታች በምላጭ ሰነጠቀችው፤ ከዚያ አፈሩን ከነሥሩ በሁለት መዳፏ አቅፋ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠችው።

«እንደ አራስ ልጅ!» ብላ ጮኸች። እቴቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሜዳ ላይ ስለምትሠራ ሹክ ስትል እንኳ ሰፈር ይሰማታል። «አፈሩ ከፈረሰባችሁ ሥሩ ይበጠሳል! ሥሩ ከተበጠሰ አለቀለት! ሰማችሁኝ? አለቀለት!»

ልጆቹ ክው አሉ። እቴቴ ሌላ ሥራ ነበረባትና ሄደች።

የቀኙን ወገን ጉጉት ያዘች። የግራውን የቅርብ ጓደኛዋ ቱርቦ። ቱርቦ የተባለችው በፍጥነቷ ነው፤ ስትበላም፣ ስትናገርም፣ ስትሮጥም ማንም አይደርስባትም። ሌሎቹ ውሃ ያመላልሱ ነበር። ጉጉት ራሷ ያዘጋጀችው ወረቀት ኪሷ ውስጥ አለ፤ ሠላሳ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሣጥን፤ «ጉድጓድ»፣ «ላስቲክ»፣ «ውሃ»። የተጠናቀቀውን ተጠሪዋ በዓይኗ አይታ ራይት ታደርግበታለች።

ወደ ማለቂያው ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትለው ከሩቅ ብቅ አሉ። ድምፅ ማጉያ ባይይዙም የያዙ ስለሚመስሉ ተማሪው «ማይክ» ይላቸዋል። ጉጉት እየሮጠች ወደ ግራው ሄደች። አሥራ አምስቱም ቆመዋል። በግንዳቸው ዙሪያ አፈሩ ተደልድሏል።

«ላስቲኩን አውጥተሻል አይደል?»

«አዎ ባክሽ፣ አታካብጂ!» አለች ቱርቦ፣ ሳታያት። እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርግ ነበር።

ከግድግዳው ሥር የተቀደዱት ላስቲኮች የሚጣሉባቸው ሁለት ጆንያዎች ነበሩ። የቀኙ ከአፉ እስኪተርፍ ሞልቷል። የግራው ተጣጥፎ ተኝቷል። ከውስጡ የሚታየው ሁለት ሦስት ጥቁር ቁራጭ ነው። ጉጉት አየችው። አላየሁም ማለት አትችልም፤ አይታዋለች። የቀረው ሌላ ቦታ ተጥሎ ይሆናል አለች በልቧ። ማይክ እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ ወረቀቱ!» እያሉ ይመጣሉ። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሥራ አምስቱን ሣጥን በአንድ ትንፋሽ ራይት፣ ራይት፣ ራይት አደረገችው፤ ከሥርም ፈረመች።

ማይክ ወረቀቱን በጣም ወደዱት። «ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው በማስታወቂያ ሰሌዳው መስታወት ውስጥ አስለጠፉት። እነሆ ሁለት ወር ሞላው፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ማክሰኞ በረፍት ሰዓት ማይክ ቢሯቸው አስጠሯት።

«ችግኞቹን አይተሻል?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«በሽተኛ ችግኝ ነው የተሰጠን!» አሉ፣ መስኮቱ እስኪነዝር። «የኛማ ሥራ ወረቀቱ ይመሰክራል። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ላስቲኩ ወጥቷል፣ ውሃ ጠጥቷል፤ ሁሉም ራይት! ታዲያ ጥፋቱ ከየት መጣ? ከምንጩ ነዋ። አክስትሽ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ይከብድሻል። ሥራና ዝምድና ግን ለየቅል ነው። አርብ ዘጠኝ ሰዓት መጥታ ታነጋግረኛለች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ማለቱ ይብስ ነበር። «የአዲሱ ሆስፒታል ኃላፊ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ግቢውን ማን ያልማልን ብሎ ስለ እሷ ጠይቆኛል። ከአርብ በፊት መልስ አልሰጠውም። ግን ምን እንድለው ትፈልጊያለሽ?»

 እቴቴ የሆስፒታሉን ሥራ እያሰበች ዓመት ሙሉ ችግኝ ስታሳድግ ኖራለች። ስማቸውን ሳይቀር ለውጣዋለች፤ «ሆስፒታሎቼ» ነው የምትላቸው። «ሆስፒታሎቼን ውሃ ላጠጣ» ትላለች።

«ምንም» አለች ጉጉት፣ ምን እየመለሰች እንደሆነ ሳታውቅ። ማይክም በሩን አሳዩዋት።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ወደ ችግኝ ጣቢያው ሄደች። መንገዱን በሙሉ የምትናገረውን ስታጠና ነበር። «እቴቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እቴቴ፣ እንዳትቆጪ። እቴቴ…»

እቴቴ ከጥላ መረቡ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የሚያማትን ጉልበቷን ዘርግታ፣ «ሆስፒታሎቿን» አንድ በአንድ እያነሳች ታገላብጥ ነበር። ጥሩ ጥሩውን ወደ ጎን ትለያለች።

«መጣሽ፣ የኔ ልጅ? እስቲ ያንን አቀብዪኝ። አይ፣ ወፍራሙን።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምትክ እየመረጥኩ ነዋ። አሥራ ሁለት አይደል የጠፋው? የትምህርት ቤታችሁ ሰውዬ ስልክ ደውሎ ጆሮዬን አደነቆረው። እውነቱን ነው እኮ። ችግኝ ሰጥተሽ ሲሞት ዝም አይባልም።» እቴቴ የአንዱን ቅጠል ገልብጣ በመነጽሯ ሥር አየች። «ሲመስለኝ ያኔ አልጋ ላይ ስውል ነው፤ ጉልበቴ የጠናብኝ ጊዜ። አፈሩን የደባለቀልኝ ሌላ ሰው ነበር፤ ፍጉ ሳይበስል ገብቶ ይሆናል። ወይ ደግሞ ዓይኔ ደክሞ አላየሁት ይሆናል። ሰላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር… በቃ፣ እንደ ፈቃዱ። ሰው ያረጃል።»

«አላረጀሽም።»

«ተይ እስቲ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ዓይኗን ከችግኙ ሳታነሳ፣ «ላስቲኩን ግን አውጥታችኋል አይደል?» አለች።

ይኸው ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከዚያ ጠረጴዛ በላይ፣ እቴቴ ሰውዬውን የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ ቃል።

«አ…ዎ» አለች ልጅቷ።

ዓይኗ መሬት ላይ ነበርና የራሷን ጫማ አየችው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቷል።

«አውቃለሁ፤ አንቺ እያለሽ!» አለች እቴቴ። «ለነገሩ ነው የጠየቅሁት። ሰው ደንግጦ ከነላስቲኩ ይተክለዋል አንዳንዴ። ሁለት ወር ይስቅልሻል፤ ከዚያ ሥሩ መሄጃ ሲያጣ ውስጥ ለውስጥ ይታነቃል።»

ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን አታስታውሰውም። «አምላኬ፣ ነገ ደግሞ አንድ ቅጠል አይውደቅ» እያለች ነበር። ቅጠል፣ ቅጠል፣ ቅጠል። ቤቷ ደጅ ስትደርስ ለሦስት ቀን የለመነችው ስለ ቅጠል ብቻ መሆኑ ታወቃትና፣ ዝም አለች።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት የጥበቃውን መኮትኮቻ ተውሳ በጥጉ በኩል ያለውን የመጨረሻውን ሂቢስከስ ቆፈረች። ብዙ መቆፈር አላስፈለጋትም። መኮትኮቻው ሁለት ጊዜ እንደገባ አንድ ነገር ተንሸራተተበት። ጥቁር፣ የሚያንጸባርቅ። ቁጥቋጦውን ይዛ ስትስበው ያለ አንዳች ትግል ወጣ፤ ምድር ጨርሶ ያልያዘችው ዕቃ ይመስል። ላስቲኩን በጣቷ ስትቀደው ሥሮቹ እርስ በርስ ተጠምጥመው፣ ዙሪያውን ዞረው ዞረው የራሳቸውን አንገት ይዘው ነበር። ከታች ያቆረ ውሃ ሸተታት። የጥበቃው ውሃ ነው።

የተቀደደውን ላስቲክ፣ ሥሮቹ እንደተጣበቁበት፣ በደብተር ወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጉድጓዱን ደፈነች። ቱርቦን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አገኘቻት።

«ምንድነው እሱ?»

«ክፈቺው።»

ቱርቦ ከፈተችው። ሁልጊዜ የሚቸኩሉት እጆቿ ባሉበት ቀሩ።

«ሁሉንም ነው?» አለች ጉጉት።

«አሥራ ሁለቱን» አለች ቱርቦ በመጨረሻ። «የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ቀድጄ ነበር። ሦስተኛው ግን… እጄ ላይ ፈረሰ። አፈሩ በሙሉ እርግፍ! ባዶ ሥር ይዤ ቀረሁ። አክስትሽ ደግሞ ‹አለቀለት! አለቀለት!› ያለችው ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ገደልኩት ብዬ ቶሎ ቀበርኩት፤ ማንም ሳያይ። ከዚያ ሌሎቹም እንዳይፈርሱብኝ… ላስቲኩ ውስጥ እያለ አይፈርስም ብዬ ነው። በናትሽ፣ ተንኮል አልነበረም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ሦስት ሳምንት ግድግዳ ስትለኪ ከርመሽ ‹አንዱን ገደልኩት› ልበልሽ?»

 ቱርቦ ላስቲኩን መልሳ ጠቀለለችው፤ ሲጠቀለል ፍጥነቷም ተመለሰላት።

«ስሚ፣ ፈታ በይ፤ መፍትሔ አለው። ዛሬ ከትምህርት በኋላ ሁለታችን እንቀር። አሥራ ሁለቱንም ነቅለን፣ ላስቲኩን ቀደን፣ መልሰን እንተክላለን። ነገ ማይክ ቢቆፍርም አፈር ብቻ ነው የሚያየው። ማን ያውቃል?»

«እቴቴስ?»

«እቴቴ ምትክ ትሰጣለች። ራሷ ብላለች ብለሽኝ የለም?»

«በሽተኛ ችግኝ ሰጠች እየተባለች?»

«እና ምን ይሁን? እኔ ልባረር?» የቱርቦ ድምፅ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ስለታም ሆነ። «ደግሞ አንቺ ማነሽ? እኔ ላስቲክ ነው የተውኩት። አንቺ ራይት አድርገሻል። ፈርመሻል! ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው?»

ጥቅሉን ደረቷ ላይ ወርውራላት ሄደች።

«ሦስተኛው አልሞተም!» አለች ጉጉት ከኋላዋ። ቱርቦ አልዞረችም። «የፈረሰብሽ! አልሞተም፤ ሄደሽ እዪው!»

ቱርቦ ሁለት ወር ሙሉ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ በር ነበር የምትገባውና የምትወጣው። ጉጉት ይህን ያስተዋለችው አሁን ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ችግኝ ጣቢያው ስትሄድ ምንም አላጠናችም። ጥቅሉን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ገለጠችው።

እቴቴ መነጽሯን አደረገች። አየችው። በጣቷ ጫፍ የታነቁትን ሥሮች ነካካቻቸው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ቀና አለች፤ ያ ዝምታ መጣ። ያው ረጅሙ፣ አፍ የሚያደርቀው። ልጅቷ በዝምታው ውስጥ ሁሉንም ተናገረች፤ ጆንያውን፣ ራይቱን፣ ትናንት «አዎ» ያለችውን። የቱርቦን ስም አልጠራችም፤ «ከግራው ወገን» ብቻ አለች። 

«እቴቴ፣ ትንሽ ሆኜ አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር። ቡናማ ጫማ ያደረገ። እሱም ከነላስቲኩ ነበር የተከለው አይደል?»

እቴቴ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። «ቡናማ ጫማ… እህ! ክሩን ማሰር የማይወድ! አንቺ ያን ጊዜ የት ነበርሽ?»

«እዚህ ሥር። ከዚያ ምን አልሽው? ዝም ካለ በኋላ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምን እለዋለሁ? ፊቱን እያየሁት። ዶማዬን አንስቼ አብሬው ሄድኩ። በሕይወት ያለውን አወጣን።»

«ስንቱ ተረፈ?»

«ገሚሱ።» እቴቴ በርጩማዋ ላይ ተደላደለችና ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «እኔም የመትከያው ቀን በልጆቹ ላይ ጮህኩ። ‹አለቀለት› ማለት ምን አመጣው? ትንሽ አፈር ቢረግፍ ማን ይሞታል? እሱ የኔ ነው፤ እኔ እቀበላለሁ። ለአለቃሽ ግን ያንቺን እኔ አልናገርም። የኔ አፍ አይደለም። ነገ ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ። ቀድመሽ ከነገርሻቸው ዶማ ይዤ እመጣለሁ። ካልነገርሻቸው ደግሞ አሥራ ሁለቱን ምትክ ይዤ እመጣና የሚሉኝን እሰማለሁ። ከኔ አፍ ስምሽ አይወጣም።»

«ሆስፒታሎችሽስ?»

 እቴቴ የተለዩትን ችግኞች አየች፤ እጇን አንዱ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ሂጂ አሁን» አለች። «እናትሽ ታስባለች።»

አርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጉጉት የማይክ ቢሮ ወዳለበት ኮሪደር ስትሄድ በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል አለፈች። የራሷ ፊርማ ከመስታወቱ ውስጥ አያት። ጥቅሉ ብብቷ ሥር ነው። ከቢሮው ውስጥ የማይክ ድምፅ ይሰማል፤ በስልክ ይሁን ከሰው ጋር አይለይም። እጇን ለማንኳኳት አነሳች። አወረደችው። ደግማ አነሳች። ጣቶቿ የጥቅሉ ወረቀት ላይ ታትመዋል።

«ትንሽ ቆይቼ» ብላ ወደ ውጭ ወጣች። ትንሽ መቆየት ምን እንደሚጠቅማት አታውቅም። በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ያለውን ሰዓት ለማየት ታጠፈች። ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ።

ከደጁ በስተግራ፣ ሦስተኛው ሂቢስከስ ፊት፣ አንዲት ልጅ ቁጢጥ ብላለች። ጥበቃው ከሩቅ ጎማቸውን ይዘው ያዩዋታል፤ ለማጠጣት ፈርተው።

ጉጉት ቀረብ ብላ ቆመች። ቱርቦ ቀና አላለችም።

«ሊያብብ ነው» አለች።

እውነትም ከላይኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ጣት የምታህል እምቡጥ ተሰንጥቃ ቀይ አሳይታለች።

«እጄ ላይ ፈርሶ እኮ ነበር» አለች ቱርቦ። «ባዶውን። አንድ አፈር እንኳ ሳይኖረው።»

«አዎ።»

«ሌሎቹን እንዲሁ ብፈለፍላቸው ኖሮ…» አልጨረሰችውም። አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ተናገርሽ?»

«እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ አንስቼ መለስኩት።»

«ጉጉት ፈሪ» አለች ቱርቦ፤ ግን በስድብ ድምፅ አይደለም።

«ቱርቦስ? በኋላ በር ስትሹለከለክ የከረመችው?»

ቱርቦን ሳቅ አመለጣት፤ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሊሄድ ሲል ዋጠችው። ከውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ጥበቃው ጎማውን ጥለው ወደ በሩ ሮጡ። ሁለቱም ዞረው አዩ። እቴቴ ከአሮጌው ፒካፕ ላይ ጉልበቷን እየጠበቀች ቀስ ብላ ትወርዳለች። ከኋላ የተጫነው በሸራ ተሸፍኗል፤ ዶማ ይሁን ችግኝ አይለይም። ምናልባት ሁለቱንም ጭናለች። ከመኪናው ጎን ቆማ ሰዓቷን አየች እንጂ ወደ ውስጥ አልገባችም። አሥር ደቂቃ ይቀራል።

«ብቻዬን መግባት እችላለሁ» አለች ጉጉት። «ራይቱን የኔ ነው ብዬ እናገራለሁ። የላስቲኩን ግን የማን እንደሆነ ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም። መዋሸት ሰልችቶኛል። አንቺን መጥራትም አልፈልግም።»

ቱርቦ እምቡጧን አንድ ጊዜ በጣቷ ነካች፣ በጣም ቀስ ብላ፤ ጉጉት እሷን እንዲህ ቀስ ስትል አይታት አታውቅም። ከዚያ ተነሥታ የጉልበቷን አፈር ሳታራግፍ እጇን ዘረጋች።

«አምጪው» አለች።

«ምኑን?»

«ላስቲኩን። የኔ ነው፤ እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ የወረቀቱን ተናገሪ፣ እኔ የዚህን እናገራለሁ።» ጥቅሉን ተቀበለችና ብብቷ ሥር አጥብቃ ያዘችው። «ግን በሩን አንቺ ታንኳኪያለሽ። እሺ?»

«እሺ» አለች ጉጉት።